የ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የቀሚስ ስፌት ፓተርን

የቀሚስ ስፌት ፓተርን ጨርቅ ተቆርጦ ቀሚስ እንዲሆን የእያንዳንዱን ክፍል ቅርጽና ልክ የሚያሳይ ወረቀት ነው። በአማርኛ የቅድ ወረቀት ሊባልም ይችላል። ከ1930ዎቹ መጨረሻ እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ድረስ በአሜሪካ፣ በብሪታንያና በምዕራብ አውሮፓ በቤታቸው የሚሰፉ ሴቶች ለራሳቸውና ለሴት ልጆቻቸው ቀሚስ የሚያዘጋጁት በአብዛኛው በፖስታ ታሽጎ በሚሸጥ ፓተርን ነበር። የዚያ ዘመን ፓተርኖች ዛሬ በሰብሳቢዎች፣ በቲያትር አልባሳት አዘጋጆች፣ በታሪክ ተመራማሪዎችና አሮጌ ቅድ በሚወዱ ሰፊዎች ይፈለጋሉ። በፖስታው ላይ የተጻፈው የልክ ቁጥር ግን ከዛሬው ቁጥር ጋር ስለማይገጥም፣ ፓተርኑን ለመጠቀም አነባበቡን ማወቅ ያስፈልጋል።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ምንነቱ

ልብስ ሰፊ ልብስ ሲሠራ የደንበኛውን ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌና ቁመት በሜትር ለክቶ ጨርቁን በዚያው ልክ ይቆርጣል። በኢትዮጵያ ከተሞችም ጨርቅ ገዝቶ ለሰፊ መስጠትና መለካት እስከ ዛሬ የተለመደ ነው። በዚህ አሠራር የቅዱ እውቀት ያለው በሰፊው እጅና ዓይን ነው። ፓተርን ይህንን እውቀት ወደ ወረቀት አዛወረው። ቅድ ያልተማረች ሴት ወረቀቱን በጨርቁ ላይ ዘርግታ፣ በስፒል አያይዛ፣ ዙሪያውን ቆርጣና መመሪያውን ተከትላ ቀሚስ መስፋት ቻለች። በምላሹ ግን ፓተርኑ የተሠራው ለአንድ የተወሰነ ሰው ሳይሆን ለአማካይ ሰውነት ነው። ስለዚህ የፓተርን ታሪክ ዋና ችግር ሁልጊዜ የልክ ጉዳይ ሆኖ ኖሯል።

አመጣጥ

የወረቀት ፓተርን በ19ኛው ክፍለ ዘመን በፋሽን መጽሔቶች ውስጥ ይወጣ ነበር። በ1860ዎቹ መጀመሪያ በኒው ዮርክ ኤለን ዴሞረስትና ባሏ ዊሊያም ዴሞረስት ከስስ ወረቀት የተቆረጡ ፓተርኖችን በመጽሔታቸው አማካይነት ይሸጡ ነበር። በ1863 ደግሞ በማሳቹሴትስ ግዛት በስተርሊንግ ከተማ ይኖር የነበረው ልብስ ሰፊ ኢበንዘር ባተሪክ አንድን ቅድ በተለያየ ልክ አዘጋጅቶ በብዛት መሸጥ ጀመረ። መጀመሪያ ያወጣው የወንዶችና የወንድ ልጆች ልብስ ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሴቶች ቀሚስ ተጨመረ። በ1870 ከስኮትላንድ የመጣው ልብስ ሰፊ ጄምስ ማኮል በኒው ዮርክ ሌላ ድርጅት አቋቋመ። ቮግ የተባለው መጽሔት በ1899 ፓተርን ለአንባቢዎቹ ማቅረብ ጀመረ።

ለዚህ ንግድ መስፋፋት ሦስት ነገሮች ረድተዋል። የመጀመሪያው ከ1850ዎቹ ጀምሮ ወደ ቤት የገባው የስፌት መኪና ነው። ሁለተኛው ፓተርኑን ወደ ገጠር ቤት ሁሉ ያደረሰው የፖስታ አገልግሎት ነው። ሦስተኛው ለሴት ልጆች በትምህርት ቤት ይሰጥ የነበረው የቤት አያያዝ ትምህርት ነው፤ ስፌት ከዋና ክፍሎቹ አንዱ ነበር።

በ1927 የተቋቋመው ሲምፕሊሲቲ ፓተርኖቹን በ15 ሳንቲም መሸጡ ገበያውን ለወጠው። ከሁለት ዓመት በኋላ በጀመረው ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ብዙ ቤተሰቦች የተሠራ ልብስ መግዛት ሲያቅታቸው በርካሽ ፓተርን ቤት ውስጥ መስፋት መፍትሔ ሆናቸው።

የጦርነቱ ዘመን

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጨርቅን ብርቅ አደረገ። በብሪታንያ ልብስና ጨርቅ ከሰኔ 1 ቀን 1941 እስከ መጋቢት 1949 በኩፖን ይታደሉ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ለአንድ አዋቂ የተሰጠው 66 ኩፖን ሲሆን፣ አንድ የሱፍ ቀሚስ ብቻ 11 ኩፖን ይወስድ ነበር። የብሪታንያ መንግሥት ያለውን ልብስ ጠግኖና ለውጦ መልበስን የሚያስተምር ዘመቻ አካሄደ። በአሜሪካ ደግሞ የጦርነት ምርት ቦርድ በ1942 ኤል-85 የተባለውን ትእዛዝ አወጣ። ትእዛዙ በፋብሪካ የሚሠራ የሴት ልብስ ጉርድ ምን ያህል እንዲሰፋና እንዲረዝም፣ የታችኛው እጥፋት ምን ያህል እንዲሆን ይወስን ነበር።

የፓተርኖቹ ቅድም ይህንኑ ተከተለ። የዚያን ጊዜ ቀሚስ ትከሻው ሰፊና ከፍ ያለ፣ ወገቡ ጠበብ ያለ፣ ጉርዱ ከጉልበት በታች ጥቂት ብቻ የሚወርድና ብዙ ሽንሽን የሌለው ነበር። የወንድ ሙሉ ልብስ ተፈትቶ ወደ ሴት ልብስ እንዲለወጥ የሚያደርጉ ፓተርኖችም ወጥተዋል። ባሏ ለጦርነት የሄደባት ሴት ሳጥን ውስጥ የተቀመጠውን ሱፍ ለራሷ ጃኬትና ጉርድ ልታደርገው ትችል ነበር። ከትልቅ ሰው አሮጌ ልብስ ለልጅ ቀሚስ ማውጣትም የተለመደ ሥራ ሆነ።

ከ1947 በኋላ

የካቲት 12 ቀን 1947 ክርስቲያን ዲዮር በፓሪስ የመጀመሪያ ስብስቡን አሳየ። ትከሻው ለስላሳ፣ ወገቡ በጣም የጠበበ፣ ጉርዱ ረጅምና ሰፊ ነበር። የሃርፐርስ ባዛር መጽሔት አዘጋጅ ካርሜል ስኖው «አዲስ ገጽታ» ብላ የጠራችው ይህ ቅርጽ ከቁጠባው ዘመን ቅድ ጋር ፍጹም ተቃራኒ ነበር። የፓተርን አሳታሚዎችም ቅርጹን በፍጥነት ተቀበሉት። ለአንድ ቀሚስ በጦርነቱ ዘመን ከሚፈጀው ጨርቅ ብዙ እጥፍ የሚፈልጉ ሙሉ ክብ ጉርዶች በፖስታዎቹ ላይ መታየት ጀመሩ።

በ1949 ቮግ ከፓሪስ ልብስ ቤቶች ፈቃድ አግኝቶ የቀሚሶቻቸውን ትክክለኛ ቅድ በፓተርን ማውጣት ጀመረ። ፒየር ባልማን፣ ዣክ ፋትና ኤልሳ ስኪያፓሬሊ ከመጀመሪያዎቹ መካከል ነበሩ። ከገዢዋ ብዙ ክህሎት የሚጠይቁት እነዚህ ፓተርኖች ከተለመዱት ይልቅ ውድ ነበሩ፤ ሆኖም በፓሪስ በከፍተኛ ዋጋ የሚሸጠውን ቀሚስ በራስ ጨርቅና በራስ ጉልበት ለመሥራት አስችለዋል። ስፓዲያ የተባለው ድርጅት ደግሞ እንደ ክሌር ማካርደልና ሲል ቻፕማን ያሉ የአሜሪካ ዲዛይነሮችን ቅድ በጋዜጦች አማካይነት በፖስታ ይሸጥ ነበር።

በቅለታቸው የታወቁ ፓተርኖችም ነበሩ። በ1952 ባተሪክ በቁጥር 6015 ያወጣው ቀሚስ የዚህ ምሳሌ ነው። ቀሚሱ በራስ በኩል ይጠለቃል፤ ጠባቡ የፊት ክፍል ወደ ኋላ ዞሮ ይያያዛል፤ ሰፊው የኋላ ጉርድ ደግሞ ወደ ፊት ተጠቅልሎ ወገብ ላይ ይቆለፋል። ቁርጥራጮቹ ጥቂት ሲሆኑ ጠርዙ በሙሉ በሰያፍ በተቆረጠ ቀጭን ጨርቅ ይለበጣል። ከቁርስ በኋላ ተጀምሮ ለምሳ ግብዣ ሊለበስ ይችላል እየተባለ ይተዋወቅ ነበር። በእንግሊዝኛ የተሰጠው ቅጽል ስምም ለብሶ ወዲያው መሄድን የሚያመለክት ነው። ባተሪክ ይህንን ቅድ ከግማሽ ክፍለ ዘመን በኋላ በቁጥር 4790 እንደገና አሳትሞታል።

በ1960ዎቹ ቅርጹ እንደገና ተለወጠ። ወገብን የማያጠብ ቀጥ ያለ ቀሚስ በረከተ፤ ጉርዱም እያጠረ ከጉልበት በላይ ወጣ። ቅዱ ቀላል ስለሆነ ለጀማሪ ሰፊ ይመች ነበር። ኢቭ ሳን ሎራን በ1965 ከሠዓሊው ፒት ሞንድሪያን ሥራዎች ተነሥቶ የሠራው ባለ ቀለም አራት ማዕዘን ቀሚስ በቮግ ፓተርን ቁጥር 1557 ወጥቷል።

ዋና አሳታሚዎች

ባተሪክ፦ በ1863 የተጀመረው የድርጅቶቹ አንጋፋ። በ1961 የቮግን የፓተርን ሥራ ገዛ።

ማኮል፦ በ1870 የተቋቋመ። ምልክቶቹንና ጽሑፉን በፓተርኑ ወረቀት ላይ በማተም ቀዳሚው ሆነ። በዚህ ላይ የነበረው የፈጠራ መብት እስከ 1938 ድረስ ከተፎካካሪዎቹ ለይቶታል።

ቮግ፦ በከፍተኛ ፋሽንና ጥንቃቄ በሚጠይቅ ስፌት የታወቀ።

ሲምፕሊሲቲ፦ በርካሽ ዋጋና ለጀማሪ በሚመች መመሪያ የታወቀ።

አድቫንስ፦ ከ1933 እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ የቆየ፤ ጄ.ሲ. ፔኒ በተባሉት ሱቆች ይሸጥ የነበረ።

ሆሊውድ፦ የቮግ ባለቤት ኮንዴ ናስት በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ ያሳተመው ርካሽ መለያ። በፖስታው ላይ ብዙ ጊዜ የፊልም ተዋናይት ፎቶግራፍ ነበረበት።

አን አዳምስና ማሪያን ማርቲን፦ በጋዜጣ ማስታወቂያ ታዝዘው በፖስታ ቤት የሚላኩ ፓተርኖች የሚሸጡባቸው ስሞች።

ቡርዳ፦ ኤነ ቡርዳ በጀርመን ኦፈንቡርግ ከተማ ያቋቋመችው መጽሔት። የመጀመሪያው እትም በ1950 መጀመሪያ በ100,000 ቅጂ ታተመ። ቡርዳ ከሌሎቹ የሚለየው የብዙ ልብሶችን ቅድ በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ በተደራረቡ መስመሮች አትሞ በመጽሔቱ ውስጥ ማቅረቡ ነው። አንባቢዋ የምትፈልገውን መስመር ብቻ ተከትላ በሌላ ወረቀት ላይ ትገለብጣለች።

የፖስታው ይዘት

በሱቅ የሚሸጥ አንድ ፓተርን ብዙውን ጊዜ ሦስት ነገሮች አሉት።

የመጀመሪያው ፖስታው ራሱ ነው። በፊቱ በኩል የቀሚሱ ሥዕል፣ የአሳታሚው ስም፣ የፓተርኑ ቁጥር፣ ልኩና ዋጋው ይገኛል። አንድ ፓተርን ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ዓይነት አማራጭ ይይዛል፤ ለምሳሌ አንዱ አጭር እጅጌና ክብ ኮሌታ ያለው፣ ሌላው እጅጌ የሌለው። በጀርባው በኩል ለእያንዳንዱ ልክ የሚያስፈልገው የጨርቅ መጠን፣ የሚስማማው የጨርቅ ዓይነት፣ የቁልፉና የዚፑ ብዛት ይዘረዘራል።

ሁለተኛው የመመሪያ ወረቀት ነው። ቁርጥራጮቹ በጨርቁ ላይ እንዴት እንደሚዘረጉና በምን ቅደም ተከተል እንደሚሰፉ በሥዕል ያሳያል።

ሦስተኛው ከስስ ወረቀት የተሠሩት ቁርጥራጮች ናቸው። የፊት ደረት፣ የኋላ ደረት፣ እጅጌ፣ ኮሌታ፣ የፊት ጉርድ፣ የኋላ ጉርድና የመሳሰሉት ለየብቻ ናቸው። ሁለቱ ጎኖች አንድ ዓይነት ከሆኑ ግማሹ ብቻ ይሰጥና ጨርቁ ለሁለት ታጥፎ ይቆረጣል።

የዚያ ዘመን ፓተርን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ፖስታ አንድ ልክ ብቻ ነበረው። ብዙ ልክ በአንድ ወረቀት ላይ መታተሙ በሱቅ ፓተርኖች ዘንድ የተስፋፋው በኋላ ነው።

ያልታተመና የታተመ ፓተርን

አሮጌ ፖስታ የከፈተ ሰው ቁርጥራጮቹ ላይ ምንም ጽሑፍ ባያገኝ የጎደለ ነገር አለ ብሎ ያስብ ይሆናል። ብዙ ፓተርኖች ግን የተሠሩት እንዲሁ ነው። ያልታተመ ፓተርን በፋብሪካ ቀድሞ የተቆረጠ ባዶ ወረቀት ሲሆን፣ መረጃው ሁሉ በተለያየ መጠን በተበሱ ቀዳዳዎች ይሰጣል። ትልልቅ ቀዳዳዎች ከጨርቁ ድር ጋር ትይዩ የሚሆነውን መስመር፣ ትንንሾቹ ደግሞ የሚታጠፈውን ወይም የሚሰፋውን ቦታ ያመለክታሉ። ትርጉሙ ከድርጅት ድርጅት ስለሚለያይ መፍቻው ያለው በመመሪያው ወረቀት ላይ ነው። መመሪያው የጠፋበት ያልታተመ ፓተርን ለጀማሪ እጅግ አስቸጋሪ ነው። በጠርዙ ላይ ያሉት ትንንሽ የሦስት ማዕዘን ቅርጾች የትኛው ጠርዝ ከየትኛው ጋር እንደሚገናኝ ያሳያሉ።

የታተመ ፓተርን እነዚህን ሁሉ በመስመርና በቃል ያሳያል። የማኮል መብት በ1938 ካበቃ በኋላ ሌሎችም ወደ ኅትመት ዞሩ፤ ሆኖም ቮግና አንዳንድ የፖስታ ሽያጭ ድርጅቶች ያልታተመውን እስከ 1950ዎቹ ቀጥለዋል። ያልታተመ ፓተርን አንድ ጥቅም ነበረው። በፋብሪካ ስለሚቆረጥ የሰፊዋ መቀስ መስመር ስቶ ቅዱን አያበላሽም።

የሴቶች ልክ ቁጥር

12፣ 14፣ 16 የሚሉት ቁጥሮች መነሻቸው ዕድሜ ነው። 16 ማለት በግምት የ16 ዓመት ልጃገረድ ሰውነት ነበር። ከጊዜ በኋላ ቁጥሮቹ ከዕድሜ ተለያይተው የአዋቂ ሴቶች ልክ መጠሪያ ሆኑ። የተሠራ ልብስ አምራቾች በየጊዜው ቁጥሮቻቸውን ሲለውጡ የፓተርን አሳታሚዎች በ1950ዎቹ አጋማሽና በ1960ዎቹ መጨረሻ በጋራ ሁለት ጊዜ አስተካክለዋል። ስለዚህ ተመሳሳይ ቁጥር በተለያየ ዘመን የተለያየ ደረት ያመለክታል፦

እስከ 1955 አካባቢ፦ ቁጥር 12 ደረት 30 ኢንች (76 ሴ.ሜ.)፤ ቁጥር 14 ደረት 32 ኢንች (81 ሴ.ሜ.)፤ ቁጥር 16 ደረት 34 ኢንች (86 ሴ.ሜ.)።

ከ1956 እስከ 1967 አካባቢ፦ ቁጥር 12 ደረት 32 ኢንች (81 ሴ.ሜ.)፤ ቁጥር 14 ደረት 34 ኢንች (86 ሴ.ሜ.)፤ ቁጥር 16 ደረት 36 ኢንች (91 ሴ.ሜ.)።

ከ1968 አካባቢ ወዲህ፦ ቁጥር 12 ደረት 34 ኢንች (86 ሴ.ሜ.)፤ ቁጥር 14 ደረት 36 ኢንች (91 ሴ.ሜ.)፤ ቁጥር 16 ደረት 38 ኢንች (97 ሴ.ሜ.)።

ከዚህ እንደሚታየው ደረቷ 86 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሴት በ1950 ቁጥር 16፣ በ1960 ቁጥር 14፣ በ1970 ደግሞ ቁጥር 12 ትገዛ ነበር። ሰውነቷ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ቁጥሩ ነው። በተሠራ ልብስ ቁጥሯ የምትገዛ ሴት ጨርቋን ቆርጣ ከጨረሰች በኋላ ቀሚሱ የሚጠባት በዚህ ምክንያት ነው። ሁሉም አሳታሚዎች የደረቱን ልክ በፖስታው ላይ ስለሚጽፉ መምረጥ ያለባት በእሱ ነው።

ከቁጥሩ ሌላ የሰውነት ዓይነትም ይለይ ነበር። ለተለመደ ቁመት፣ ቁመቷ አጠር ወገቧ ከፍ ላለ፣ ሞላ ላለችና ለጎረምሳ ልጃገረድ የተለያዩ መደቦች ነበሩ። ሁለት ሴቶች ደረታቸው እኩል ሆኖ ከአንገት እስከ ወገብ ያለው ርዝመት ሊለያይ ስለሚችል መደቡ እንደ ቁጥሩ ሁሉ አስፈላጊ ነበር።

የልጃገረዶች ቀሚስ ፓተርን

የልጆች ፓተርን በዕድሜ ክልል ይከፋፈል ነበር፤ ለሕፃናት፣ ለትንንሽ ልጆች ከ1 እስከ 6፣ ለልጃገረዶች ከ7 እስከ 14 የሚሉ ቁጥሮች ነበሩት። እዚህም ቁጥሩ አማካይ ብቻ ስለሆነ ልጅቷን በደረት ልክ መምረጥ ይመከር ነበር።

የዘመኑ የልጃገረድ ቀሚስ የታወቁ መለያዎች አሉት። ኮሌታው ክብና ጠፍጣፋ፣ እጅጌው አጭርና እብጥ ያለ፣ ጉርዱ ወገብ ላይ ተሰብስቦ ሰፊ የሆነ፣ ከኋላ በመቀነት የሚታሰር ነው። ለትንንሽ ልጆች ደረቱ ላይ ጨርቁን በጥቃቅኑ ሸብሽቦ በቀለም ክር መጥለፍ የተወደደ ነበር። ለእሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ ለልደትና ለትምህርት ቤት የሚሆኑ ቀሚሶች ተለይተው ይወጡ ነበር። እናትና ልጅ አንድ ዓይነት እንዲለብሱ ተመሳሳይ ቅድ በሁለት ፓተርን የሚቀርብበት ጊዜም ነበር።

ልጅ ቶሎ ስለሚያድግ ቀሚሱ እንዲቆይ ማድረግ የሰፊዋ ዋና ሐሳብ ነበር። የታችኛው እጥፋት ጥልቅ ተደርጎ ይሰፋና ልጅቷ ስትረዝም ይለቀቃል። ያረጀ እጥፋት ሲለቀቅ የሚታየው መስመር በጥብጣብ ወይም በዳንቴል ይሸፈናል። በቤተ መዘክር በተቀመጡ የልጅ ቀሚሶች ላይ እነዚህ የተፈቱ እጥፋቶች ዛሬም ይታያሉ።

ዘመኑን መለየት

ብዙ ፓተርኖች የታተሙበት ዓመት በግልጽ አይጻፍባቸውም። ዘመናቸውን ለመገመት የሚከተሉት ምልክቶች ይረዳሉ።

የኅትመት መብት ዓመት፦ አንዳንድ አሳታሚዎች ዓመቱን በፖስታው ክዳን ወይም በመመሪያው ወረቀት ጥግ ላይ በትንንሽ ፊደል ያትሙ ነበር።

የፖስታ አድራሻ፦ በአሜሪካ ከከተማው ስም ቀጥሎ ባለ አንድ ወይም ሁለት አሃዝ የቀጠና ቁጥር ከ1943 እስከ 1963 አገልግሏል። ባለ 5 አሃዝ ቁጥር ካለ ፓተርኑ ከሐምሌ 1963 ወዲህ የታተመ ነው።

ገንዘብ፦ በብሪታንያ ዋጋው በሺሊንግና በቀድሞው ፔኒ ከተጻፈ ከየካቲት 1971 በፊት የወጣ ነው።

የልክ ሠንጠረዥ፦ ቁጥር 12 ከየትኛው የደረት ልክ ጋር እንደተጻፈ ማየት ከላይ ካሉት ሦስት ዘመናት አንዱን ያመለክታል።

ዚፕ፦ በ1940ዎቹ ቀሚስ ላይ መክፈቻው ብዙ ጊዜ በግራ ጎን ከብብት በታች ነው። በኋላ ዘመን ከጀርባ መሐል የሚወርድ ረጅም ዚፕ የተለመደ ሆነ።

የፓተርኑ ቁጥር ብቻውን አስተማማኝ አይደለም፤ አሳታሚዎች ቁጥሩ ሲያልቅ እንደገና ከታች ስለሚጀምሩ አንድ ቁጥር ለተለያዩ ዘመናት ቀሚሶች ተሰጥቶ ይገኛል። ሥዕሉም ሊያሳስት ይችላል። የፖስታው ሴት በሰው ልጅ በማይገኝ ቅጥነት ትሳል ስለነበር የተሰፋው ቀሚስ ሥዕሉን አይመስልም።

ዛሬ መጠቀም

አሮጌ ፓተርን ለመስፋት ከተፈለገ የመጀመሪያው ሥራ ቁርጥራጮቹን ቆጥሮ ሁሉም መኖራቸውን ማረጋገጥ ነው። ቀጥሎ ወረቀቱ እንፋሎት በሌለው ለብ ባለ ካውያ ተዘርግቶ በአዲስ ወረቀት ላይ ይገለበጣል። የሚቆረጠው ቅጂው ነው፤ ዋናው ወደ ፖስታው ይመለሳል።

የስፌት ትርፉን መመልከት ያስፈልጋል። ኋላ የተለመደው 5/8 ኢንች (1.5 ሴ.ሜ. ገደማ) ቢሆንም በአሮጌ ፓተርኖች 1/2 ኢንች የሆነም አለ። በፖስታው ላይ የተጻፈው የጨርቅ መጠንም እንዳለ አይወሰድም። የዚያን ጊዜ የጥጥ ጨርቅ ወርዱ ብዙውን ጊዜ 35 ወይም 36 ኢንች (90 ሴ.ሜ. ገደማ) ነበር፤ ዛሬ የሚሸጠው አብዛኛው ከዚያ ይሰፋል። 1 ያርድ 91.44 ሴንቲ ሜትር ነው።

ልክ ማስፋት በምሳሌ ይብራራል። ፓተርኑ ለ81 ሴንቲ ሜትር ደረት ቢሆንና የምትለብሰው ሴት ደረት 91 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ልዩነቱ 10 ሴንቲ ሜትር ነው። የፊትና የኋላ ደረት በግማሽ ስለሚሰጡ ዙሪያው አራት ሩብ አለው፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ቁርጥራጭ ላይ 2.5 ሴንቲ ሜትር ይጨመራል። ጭማሪው በሙሉ በጎን ስፌት ላይ ከሆነ የብብቱ ቅርጽ ይበላሻል። የተሻለው መንገድ ቁርጥራጩን ከትከሻ እስከ ወገብ ቁልቁል ቆርጦ ሁለቱን ክፍሎች በሚፈለገው ልክ ማራራቅና ክፍተቱን በወረቀት መሙላት ነው። የብብቱ ልክ ከተለወጠ የእጅጌው አናትም ከእሱ ጋር እንዲገጥም አብሮ ይስተካከላል። ከዚያ ቅዱ ውድ ጨርቅ ላይ ከመዋሉ በፊት በአቡጀዲ ተሰፍቶ ይሞከራል።

የ1950ዎቹ ቀሚሶች የሚለበሱት ወገብን በሚያጠብቅ የውስጥ ልብስና ጉርዱን በሚነፋ የውስጥ ጉርድ ላይ ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ ቁጥር 14 የሚባለው ደረት 34፣ ወገብ 26፣ ዳሌ 36 ኢንች ነበር። ያለ እነዚያ የውስጥ ልብሶች ለሚለበስ ቀሚስ ወገቡን ማስፋት አብዛኛውን ጊዜ አስፈላጊ ነው።

ጥበቃና ጥናት

ፓተርን ተሠርቶበት የሚጣል ነገር ነበር። ወረቀቱ ስስ ነው፤ ስፒል ይወጋዋል፤ በእጥፋቱ ይቀደዳል፤ ፋሽኑ ሲያልፍ ለእሳት ማቀጣጠያ ወይም ለዕቃ መጠቅለያ ይሆናል። ነገር ግን ለታሪክ ያለው ጥቅም ከፍተኛ ነው። በቤተ መዘክሮች የሚቀመጡት ቀሚሶች በብዛት የሀብታሞች ወይም ለሠርግና ለበዓል የተለበሱ ናቸው፤ የዘወትር ቀሚስ ግን ተለብሶ፣ ተጠግኖ፣ በመጨረሻም ጨርቁ ለመወልወያ ውሎ ያልቃል። ተራ ሴት ወጥ ቤቷ፣ ሥራ ቦታዋና ገበያ የለበሰችው ቀሚስ እንዴት እንደተቀደደና ምን ያህል ጨርቅ እንደፈጀ በትክክል የሚያሳየው ብዙ ጊዜ ፓተርኑ ብቻ ነው። በላዩ የቀሩት የእጅ ምልክቶችም ማስረጃ ናቸው። ተቆርጦ ያጠረ ጉርድ፣ ወገቡ ላይ በእርሳስ የተጨመረ መስመር፣ በፖስታው ውስጥ የተረሳ የጨርቅ ቁራጭ ፓተርኑን ማን እንዴት እንደተጠቀመበት ይናገራሉ።

በአሜሪካ የሮድ አይላንድ ዩኒቨርሲቲ የንግድ ፓተርን ቤተ መዛግብት በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ፓተርኖችን ይዞ ለተመራማሪዎች ያቀርባል። በዩኒቨርሲቲው የቲያትር አልባሳት መምህርት የነበረችው ጆይ ስፓናቤል ኤመሪ ስብስቡን በማደራጀት ትታወቃለች፤ በ2014ም የወረቀት ፓተርን ኢንዱስትሪን ታሪክ የያዘ መጽሐፍ አሳትማለች። በግል የሚያስቀምጥ ሰው ፓተርኑን ከፀሐይ ብርሃን፣ ከእርጥበትና ከተባይ ማራቅ፣ ማጣበቂያ ፕላስተር አለመለጠፍና አሲድ በሌለው ወረቀት መጠቅለል ይኖርበታል።

ማሽቆልቆልና መመለስ

ከ1970ዎቹ ጀምሮ የተሠራ ልብስ እየረከሰ፣ ከቤት ውጭ የሚሠሩ ሴቶች እየበዙና ስፌት ከትምህርት ቤት ሥርዓተ ትምህርት እየቀነሰ ሲሄድ የፓተርን ገበያ ጠበበ። ቀሚስ ቤት ውስጥ መስፋት ከመግዛት ይልቅ ርካሽ መሆኑ ቀረ። ማኮል በ2001 ባተሪክንና ቮግን ገዛ፤ በ2017 ሲምፕሊሲቲም ተጨምሮ የቀድሞዎቹ አራት ተፎካካሪዎች በአንድ ባለቤት ሥር ገቡ።

በዚያው ጊዜ የአሮጌ ቅድ ፍላጎት አደገ። ባተሪክ፣ ቮግና ሲምፕሊሲቲ የ1940ዎቹንና የ1950ዎቹን ቀሚሶች በዘመናዊ የልክ ቁጥር እያዘጋጁ እንደገና አሳትመዋል። በእነዚህ እትሞች ላይ መስመሮቹ ታትመዋል፤ ብዙ ልክም በአንድ ፖስታ ይገኛል። ስለዚህ አዲሱን እትም የሚጠቀም ሰው በአዲሱ ሠንጠረዥ፣ ዋናውን አሮጌ ፓተርን የሚጠቀም ደግሞ በፖስታው ላይ በተጻፈው የደረት ልክ መሄድ አለበት።